አምስት ጊዜ የሳንባ ምች፦ ልጅን ወደ ሕፃናት የሳንባ ሐኪም መውሰድ መቼ ነው?

የዚህ የኢንተርኔት ውይይት መነሻ ጽሑፍ የእኔ ነበር። ምላሾቹ ሃያ ሦስት ደርሰዋል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ ቃል ላስቀምጣቸው።

የጻፍኩት ይህን ነበር። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ የሳንባ ምች ተብሎ ታክሟል። አምስት ጊዜ፣ አምስት ሐኪም፣ አምስት ጠርሙስ አንቲባዮቲክ። በየጊዜው ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መጫወት ይጀምራል፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ሳሉ ግን አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ለቆት አያውቅም። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ደረቱ ውስጥ አክታው ሲፍለቀለቅ ከሌላ ክፍል ሆኜ እሰማዋለሁ።

በአምስተኛው ጊዜ አንዲት ወጣት ሐኪም ረጅም ጊዜ ወስዳ ካዳመጠችው በኋላ የሕፃናት ሳንባ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልኝ። ስፔሻሊስቱ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲጠይቀኝ ቆየ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ልጁ በተወለደበት ቀን እንዴት ይተነፍስ እንደነበር ነው። ወሩን ጨርሶ፣ ክብደቱም ሞልቶ ስለተወለደ ለሁሉም ሐኪም በሰላም ተወለደ እያልኩ ነበር የኖርኩት። ነገር ግን በዚያው ሌሊት ትንፋሹ በዝቶ ከእቅፌ ወስደውት ሁለት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይቷል። ይህን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጥሎ የልጁ አፍንጫ ደርቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አያውቅም። ጆሮው ይመግል እንደሆነም ጠየቀኝ። ይመግላል።

ሕመሙ ፕራይመሪ ሲሊያሪ ዲስኪኔዢያ ይባላል። በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲሊያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ ሥራቸው አክታውን እየጠረጉ ወደ ላይ ማውጣት ነው። የእኔ ልጅ ሲሊያዎች በውርስ በመጣ ጉድለት ምክንያት በአግባቡ አይንቀሳቀሱም። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ በኩል ስለሚሆን ኤክስሬይ ላይ ቶሎ ይታወቃል፤ የእርሱ ልብ ግን በቦታው ነው። በአፍንጫው ውስጥ ያለው የናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ሲለካ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የዘረመል ምርመራውም አረጋገጠው። በሲቲ ስካን ደግሞ የቀኝ ሳንባው መካከለኛ ክፍል የአየር ቧንቧዎቹ ሰፍተው ተበላሽተዋል። ያ ክፍል ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ቀደም ብዬ ስፔሻሊስት እንድጠይቅ ሊያነቃኝ ይገባ የነበረው ምልክት የትኛው ነው? ደግሞስ እዚያ ያገኘሁት ልዩነት ከመሣሪያው ነው ወይስ ከሰዉ?

ምላሽ 1። አስም ያለባት ሴት ልጅ እናት ናት። ምሕረቱን ተመኘችልኝ፤ ሌሊት የልጅ ሳል እየሰሙ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ እንደምታውቅ ጻፈች። መልስ አልሰጠችም፣ እኔ ግን ከዚያ በፊት ይህን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም ነበር።

ምላሽ 2። የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን በአንድ ጽሑፍ መለሰችው። ዋናው ነገር ሳሉ ደረቅ ነው ወይስ አክታ ያለው የሚለው እንደሆነ ገለጸች። አክታ ያለው ሳል ያለማቋረጥ ከአራት ሳምንት ካለፈ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ልጁ ቢጫወትም፣ ትኩሳት ባይኖረውም። የሚደጋገም የሳንባ ምች፣ ክብደት አለመጨመር፣ ሲመገብ ትን ማለት፣ ወሩን ጨርሶ ተወልዶ ያለ ግልጽ ምክንያት ኦክስጅን ያስፈለገው ሕፃን፣ የጣት ጫፍ እንደ ከበሮ መምቻ መወፈር፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ስፔሻሊስት መጠየቅ ማጋነን አይደለም አለች። የጣቱን መፈተሻም አስተማረችን። የሁለቱን እጅ አመልካች ጣቶች ጥፍርና ጥፍር አጋጥሞ ወደ ብርሃን መያዝ ነው። በጤነኛ ጣት በጥፍሮቹ ሥር መካከል ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይታያል፤ ጣቱ ከወፈረ ቀዳዳው ይደፈናል። በዚያው ምሽት ልጄን መስኮቱ አጠገብ አቁሜ ሞከርኩት። ጨዋታ መስሎት የእኔንም ጣት ካላየሁ አለ። ቀዳዳዋ ቀጭን ናት፣ ግን አለች። ከሦስት ጊዜ በላይ አየኋት።

ምላሽ 3። አንድ አባት በትሕትና ተቃወመ። ሕፃናት መዋያ የሚውል ልጅ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ መሆኑን አስታወሰ፤ እናቶችን አስደንግጠን ሁሉንም ወደ ስፔሻሊስት ብንልክ በእውነት የታመመው ልጅ ወረፋ ሊያጣ ነው አለ። ልክ ነው። የነርሷ አራት ሳምንት ግን ይህንኑ ለመለየት ይመስለኛል፤ ጉንፋን በጉንፋን ላይ ቢደራረብም በመካከሉ ልጁ ደረቱ ጠርቶ የሚያድርባቸው ቀናት ይኖራሉ። የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረውም።

ምላሽ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። ጸሐፊው የጠቅላላ ሕክምና ሐኪም ነው። በቀን ስልሳ ሕፃን የሚያይ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የልደት ታሪክ እንዲጠይቅ መጠበቅ ግፍ ነው አለ። እናቶች በየጊዜው ሌላ ጤና ተቋም እየሄዱ፣ የድሮውን ኤክስሬይ ሳይዙ፣ ከዚህ በፊት ታሞ እንደነበር እንኳን ሳይናገሩ እንደሚመጡና በመጨረሻ ሁሉን አንድ ላይ ያየው ስፔሻሊስት ጀግና፣ የፊተኞቹ ደግሞ ጥፋተኛ እንደሚሆኑ ጻፈ። አነበብኩትና እጄ ተንቀጠቀጠ።

ምላሽ 5። መልስ ከመጻፌ በፊት የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ አባት ቀደመኝ። የእርሱ ልጅ ሦስት ጊዜ የሳንባ ምች ተብላ ነበር። ስፔሻሊስቷ ሦስቱንም ኤክስሬይ በቀናቸው ቅደም ተከተል መብራት ላይ ደረደረቻቸው፤ ነጩ ጥላ በሦስቱም ላይ ያው ቦታ ነበር። በየጊዜው ቦታውን የሚቀያይር የሳንባ ምች የመላ አካልን ችግር፣ ለምሳሌ የመከላከል አቅምን ወይም ሲሊያን፣ እንደሚያስጠረጥር፣ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ግን ያንን ቧንቧ የዘጋ ነገር እንዳለ እንደሚያሳስብ አስረዳችው። በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም የአየር ቧንቧን ውስጥ በሚያሳይ ቱቦ፣ ሲታይ ስባሪ የመጫወቻ ፕላስቲክ ተገኘ። ልጅቷ ከወራት በፊት እየተጫወተች ትን ብሏት እንደነበር አባትየው ያስታወሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከአየር ቧንቧ ባዕድ ነገር በብሮንኮስኮፒ ሲወጣ የመጀመሪያው በ1897 መሆኑን፣ ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን ከአንድ ገበሬ ሳንባ አጥንት እንዳወጣም ጨመረ።

ምላሽ 6። የእኔ ነው። ለምላሽ 4 ጸሐፊ እውነቱን ነገርኩት። አምስቱ ኤክስሬዮች ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ተኝተው ነበር፤ አንዱንም ይዤ አልሄድኩም፤ ይዘሽ ነይ ያለኝም ሰው አልነበረም። እርሱን ጥፋተኛ ለማድረግ እንዳልጻፍኩ፣ ነገር ግን ልጄ ያጣው የሳንባ ክፍል የማንም ጥፋት አይደለም ተብሎ እንዲታለፍ እንደማልፈልግ ጻፍኩ።

ምላሽ 7። አንድ አንባቢ ሁለተኛውን ጥያቄዬን አነሳና ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ስፔሻሊስት ሆስፒታል የተጋነነ ነገር ነው፤ ቀላል መሣሪያ በየቦታው ቢዳረስ ይበቃል ባይ ነው። ማስረጃው በባንግላዴሽ ዳካ የተሠራው ሥራ ነበር። እዚያ ሐኪሞች ከኦክስጅን ቱቦና ውሃ ካለበት የሻምፑ ጠርሙስ የትንፋሽ ማገዣ ሠሩ፤ ሕፃኑ ሲያስተነፍስ አየሩ በውሃው ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፣ የሚፈጠረውም ግፊት የሳንባ ከረጢቶቹ እንዳይከደኑ ይይዛቸዋል።

ምላሽ 8። ስለዚህ ውይይት ማንም ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህን ነው። የሕፃናት የሳንባ ሐኪም ናቸው፤ ሲጽፉ ሰውን አያቃልሉም። የዳካው ውጤት በ2015 መታተሙን፣ በማገዣው ከታከሙት ሕፃናት 4 በመቶ፣ በተለመደው ዝቅተኛ የኦክስጅን አሰጣጥ ከታከሙት ደግሞ 15 በመቶ መሞታቸውን በማስቀመጥ ምላሽ 7 ልክ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ሌላኛውን ጥናት አመጡ። በማላዊ በአንድ የወረዳ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ የሕክምና ዘዴ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። በማገዣው ከታከሙት 17 በመቶ፣ በኦክስጅን ብቻ ከታከሙት 11 በመቶ ሞቱ። እንደ ሐኪሙ አነጋገር ጠርሙሱ ብቻውን አያድንም። ጭንብሉ ሲንሸራተት የሚያስተካክል፣ ሆዱ በአየር ሲነፋ የሚያይ፣ ሕፃኑ ሲደክም ሰዓቱ ሳያልፍ የሚወስን ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ለሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ምላሽ 9 እና 10። የምላሽ 7 ጸሐፊ ተቆጣ፤ ቁጥር በመደርደር ድሃውን ዝም ለማሰኘት ነው የተፈለገው አለ። ሐኪሙ በአጭሩ መለሱ፤ ማላዊ ውስጥ የሞቱት ሕፃናትም የድሃ ልጆች መሆናቸውን አስታወሱት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ቁጣው የመነጨው ስፔሻሊስት ከማይደረስበት ርቀት እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

ምላሽ 11። የመተንፈሻ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ ያለ ሰው ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ 1952 ወሰደን። በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነስቶ መተንፈስ ያቃታቸው ሕፃናት የብሌግዳምን ሆስፒታል ሞሉት። ብዮርን ኢብሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ አስከፍተው በጎማ ከረጢት አየር በእጅ እንዲገባላት አደረጉ፤ ልጅቷም ተረፈች። ከዚያ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። መሣሪያ የሚጠግን ሰው ስለ ሰው እጅ እንዲህ በፍቅር መጻፉ ልቤን ነካው።

ምላሽ 12 እና 13። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል፣ አክታን አወፍሮ ሳንባን የሚጎዳ የውርስ ሕመም ያለባት ልጅ እናት የላብ ምርመራ ባለመደረጉ ሦስት ዓመት እንደጠፋባቸው ጻፈች። ቀጣዩ ሰው ላብ ያለችው ላቦራቶሪ መስሎት የደም ምርመራ በየቦታው አለ ብሎ ወቀሳት። እርሷም አስተካከለች፤ ነገሩ ከቆዳ ላይ የሚወጣው ላብ ነው። ክንድ ላይ በመድኃኒት ላብ እንዲወጣ ተደርጎ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ይለካል፤ 60 ሚሊሞል በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙን ያመለክታል። የእነዚህ ልጆች ላብ ጨዋማ መሆኑ የተደረሰበት በ1953 ነው። እናትየዋ የነገረችን ሌላ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዱ ልጅ ለሌላው አደገኛ ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ስለሚችል የዚህ ሕመም ልጆች እርስ በርስ ቢያንስ ሁለት ሜትር መራቅ አለባቸው። በጥሩ ክሊኒክ በመጠበቂያ ክፍል አይቀመጡም፤ እያንዳንዱ በቀጥታ ወደ ራሱ ክፍል ይገባል፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የአመጋገብ ባለሙያዋና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ናቸው ተራ በተራ የሚመጡት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንደ እርሷ ያለ ሌላ ልጅ ያየችው በመስታወት በር አሻግራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እጇን አውለበለበች። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሦስት መድኃኒት የተጣመረበት ሕክምና የብዙዎችን ሕይወት እንደቀየረ፣ ለልጇ ዘረመል ይሠራ እንደሆነ ውጤት እየጠበቀች መሆኑንም ጻፈች።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ስለ ኢንሄለር፣ በአፍ ስለሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ናቸው። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው በኔቡላይዘር (መድኃኒቱን እንደ ጉም በሚረጭ መሣሪያ) ካልሆነ አይድንም ብለው መሣሪያው የት እንደሚገኝ ጠየቁ። የምላሽ 2 ነርስ ተመልሳ፣ ኢንሄለር ከስፔሰር (ኢንሄለሩ ጫፍ ላይ ከሚገጠም መድኃኒቱን የሚይዝ ባዶ ዕቃ) ጋር በትክክል ከተሰጠ ለአብዛኛው የአስም መባባስ ከኔቡላይዘር እንደማያንስ ነገረቻቸው፤ ስፔሰር ከጠፋም በኬፕታውን የተሠራና በ1999 የታተመ ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተበስቶ ኢንሄለሩ ዙሪያ በደንብ ሲታሸግ ከተገዛው እኩል መሥራቱን አሳይቷል። በመካከል አንድ ሰው ገብቶ ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል፣ ልጁን አታስለምዱት አለ። ነርሷ እስከዚያ ድረስ ለስለስ ብላ ስትጽፍ የነበረችው ሴት አልመሰለችኝም። ይህን ወሬ ሰምተው የመከላከያ መድኃኒቱን ያቋረጡ ወላጆች ልጆቻቸውን ከንፈራቸው ጠቁሮ ይዘው ሲመጡ በገዛ እጇ እንደተቀበለች፣ ይህን የሚያወራ ሰው አንድ ሌሊት ከእርሷ ጋር ይደር አለች። አልፋ ሄደች የሚል ካለ እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ።

ምላሽ 17። አንድ አባት በጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ገዝቶ ቁጥሩ 94 ሲያሳየው ተረጋግቶ መተኛቱን ጻፈ። ምላሽ 8 ላይ የጻፉት ሐኪም ጠንቃቃ ማሳሰቢያ ሰጡት፤ ለአዋቂ የተሠራ መለኪያ በትንሽ ጣት ላይ ይስታል፣ የቀዘቀዘ እጅና የሚንቀሳቀስ ልጅም ያሳስተዋል። በ2020 በአሜሪካ በአዋቂዎች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ መለኪያው በጥቁሮች ላይ የኦክስጅን መውረድን ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ ከነጮች ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። ስለዚህ ልጁ እየተጨነቀ ቁጥሩ ደህና ነው ቢል የሚታመነው ልጁ ነው።

ምላሽ 18። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፤ ስለ ሕክምናው የሚጨምሩት ባይኖርም አንድ ነገር ልናገር አሉ። በልጅነታቸው በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ወላጅ የሚገባው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በሌላው ቀን እናታቸው ከመስታወቱ ውጭ ቆማ ታያቸዋለች። እንዳያለቅሱ ተብሎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስተኟቸው ነበር። በ1959 በብሪታኒያ በሃሪ ፕላት የተመራው ኮሚቴ ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጠይቁና የትንንሽ ልጆች እናቶች አብረው እንዲያድሩ መክሯል፤ ምክሩ በየሆስፒታሉ ሥራ ላይ እስኪውል ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። እኔ ደግሞ አሁን በልጄ አልጋ አጠገብ በታጣፊ ወንበር ላይ ሳድር ወገቤን እያመመኝ አማርር ነበር። አባቴ ሆይ፣ ከጽሑፍዎ በኋላ ስለ ወንበሩ አላማረርኩም።

ምላሽ 19 እና 20። በ26 ሳምንት የተወለደ የ22 ዓመት ወጣት፣ እስከ 18 ዓመቱ በሕፃናት ክፍል ሲከታተል ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ማንም እንደማያየው ጻፈ። ያለጊዜው ተወልደው በመተንፈሻ መሣሪያ የኖሩ ሕፃናት ሳንባ ላይ የሚቀረውን ጉዳት ዊሊያም ኖርዝዌይና ባልደረቦቹ በ1967 ሲገልጹት እነዚህ ሕፃናት ሃያ ዓመት ይሞላቸዋል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም። የምላሽ 8 ሐኪም መለሱለት፤ የሳንባ አቅም ጫፍ የሚደርሰው በሃያዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ አሁን የትንፋሽ ልኬት አሠርቶ መነሻውን ማወቅ አለበት፣ ወደ አዋቂዎች የሳንባ ክሊኒክም ሲሄድ የተወለደበትን ጊዜ ማጠቃለያ ይያዝ አሉት። ወጣቱ ማጠቃለያውን እናቱ እንዳስቀመጠችለት ጻፈ።

ምላሽ 21። የምላሽ 4 ሐኪም ተመልሶ ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ። አክታ ያለው ሳል የሚመላለስባቸውን ልጆች እናቶች ስለ መጀመሪያው ቀንና ስለ አፍንጫው መጠየቅ ጀምሯል፤ አንድ ደቂቃ እንደማይፈጅም ለካው። አመሰገንኩት።

ምላሽ 22። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ገባች። ከላይ ያለውን አላነበበችም። የአሥራ አራት ወር ልጇ ትንፋሹ ፈጥኗል፤ እስኪነጋ ትጠብቅ እንደሆነ ጠየቀች። እኔም ልጄን ደረቱን መታ መታ እያደረግሁ አክታውን ሳወጣለት ነቅቼ ነበርና አየኋት። ነርሷ ግን ቀድማኝ ነበር። ልብሱን ገልጣ፣ ሆዱን እያየች፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ እንድትቆጥር አዘዘቻት። 58 ሆነ። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በደቂቃ 40 ነው። ሲተነፍስ ከጎን አጥንቶቹ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ ጠየቀቻት። ይሰረጉዳል። ነርሷ ስልኩን አስቀምጣ አሁኑኑ እንድትነሳ ነገረቻት።

ምላሽ 23። ሊነጋ ሲል ጻፈች። ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል፤ ጠዋት ስፔሻሊስት እንዲያየው ይወስዱታል። ባለፈው ዓመት የተነሳው ሁለት ኤክስሬይ ቤት ስላለ ባሏ ይዞላት ይምጣ እንደሆነ ጠየቀች። ሁለቱንም ይዞ ይምጣ አልኳት፤ የተወለደበትንም ወረቀት ጭምር።